ባሕርን የወደደች፣ ለምድር የተሟገተች

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አባባሉ በብዙ ነገር ላይ ቢሠራም፣ በዛሬው አምዳችን ታሪኳን በምናቀርብላችሁ ሴት ላይ ግን አልሠራም። ሬቸል ካርሰን ተወልዳ ያደገችው ከባሕር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። ውቅያኖስን በዓይኗ ያየችው በ22 ዓመቷ ነበር። ይሁን እንጂ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ ባሕር ታነብ፣ ስለ ባሕር ታልም፣ የማዕበሉንም ድምፅ በሐሳቧ ትሰማ ነበር። ይህ ናፍቆት ውሎ አድሮ ወደ ዕውቀት፣ ዕውቀቱም ወደ ብዕር ተለወጠ። ብዕሯም በመጨረሻ መንግሥታትን ያነጋገረ፣ ሕግ ያስለወጠ ጉዳይ አስነሣ።

ውድ አንባብያን፣ «ባሕርን ከእኛ ቤት ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከመካከላችሁ ባሕር አይታችሁ የማታውቁ ብዙዎች ናችሁ። ነገር ግን ይህች ሴት ስለ ባሕር መጻፍ ጀምራ የደረሰችው እናንተ ጓዳ ነው። ከበሩ ጀርባ የተቀመጠው ፍሊት፣ ከገበያ የምትገዙት ጎመንና ቲማቲም፣ ልጆቻችሁ የሚጠጡት ውኃ ሁሉ ከጻፈችው ጋር ይገናኛል። እንዴት እንደሆነ ታሪኳን ከሥሩ ብንከተል ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

ከእናት የተገኘ ዓይን

ሬቸል ካርሰን የተወለደችው በ1907 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ ስፕሪንግዴል በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። ለቤቱ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ማሪያ ትዳር ከመያዛቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ትንሿን ልጃቸውን እጇን ይዘው በየጫካውና በየመስኩ እየዞሩ የወፎቹን ድምፅ፣ የነፍሳቱን ሥራ፣ የዛፎቹን ዓይነት ያሳዩአት ነበር። ልጅቱም በ11 ዓመቷ የጻፈችው ታሪክ በታወቀ የልጆች መጽሔት ላይ ታትሞላት ነበር።

ቤተሰቡ ባለጸጋ አልነበረም። ሬቸል ኮሌጅ ስትገባ እናቷ ክፍያውን ለማሟላት ፒያኖ እያስተማሩ፣ የቤታቸውን የሸክላ ዕቃ ሳይቀር እየሸጡ ረዷት። ኮሌጅ የገባችው ደራሲ ለመሆን ብላ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለመማር ነበር። ሆኖም አንዲት ጎበዝ የሥነ ሕይወት መምህርት ልቧን ስለሳበቻት የትምህርት ዘርፏን ለወጠች። በዚያን ጊዜ ብዕርና ሳይንስ አብረው የማይሄዱ፣ አንዱን የያዘ ሌላውን መጣል ያለበት መስሏት አዝና ነበር። ኋላ ግን ሳይንሱ የምትጽፈውን ነገር እንደሰጣት ተረዳች።

በ1929 ዓ.ም. ኮሌጅ ጨርሳ በዚያው ክረምት ውድስ ሆል በተባለ የባሕር ዳርቻ የምርምር ጣቢያ ለማጥናት ሄደች። ስትናፍቀው የኖረችውን ውቅያኖስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውም ያን ጊዜ ነው። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት የማስትሬት ዲግሪዋን ተቀበለች።

ቀን ቢሮ፣ ሌሊት ብዕር

ወቅቱ በአሜሪካ ሥራ የጠፋበት፣ ኑሮ የከበደበት ዘመን ነበር። በ1935 ዓ.ም. አባቷ በድንገት ሲያርፉ የቤቱ ቀንበር በእርሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ትምህርቷን መቀጠል ስላልቻለች በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ስለ ባሕር ፍጥረታት የሬዲዮ ጽሑፍ የማዘጋጀት ሥራ አገኘች። እያንዳንዳቸው ሰባት ደቂቃ የሚፈጁ 52 ዝግጅቶች ነበሩ። በ1936 ዓ.ም. በዚሁ መሥሪያ ቤት በባለሙያነት በቋሚነት ተቀጠረች። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ የሙያ ደረጃ የሚቀጠሩ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ እኅቷ ሁለት ሴት ልጆች ጥላ ሞተች። ሬቸልና እናቷ ሕፃናቱን ወስደው ማሳደግ ጀመሩ።

ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ ምድጃ ሥር የምትቀመጡ እናቶች ይህንን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ሬቸል ቀን ቀን የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ትሠራለች፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የራሷን ትጽፋለች። አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ መግቢያ እንዲሆን ስለ ባሕር ዓለም የጻፈችውን ለአለቃዋ አሳየች። አለቃዋም አንብበው፣ ይህ ለመንግሥት መግለጫ አይሆንም፣ ከዚህ የተሻለ ስለሆነ ወደ ታላቅ መጽሔት ላኪው አሏት። ጽሑፉም በ1937 ዓ.ም. «አትላንቲክ መንዝሊ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ።

ከዚያ የተወለደው የመጀመሪያ መጽሐፏ በኅዳር 1941 ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ በባሕር ዳር የሚኖሩ ወፎችን፣ ማከሬል የተባለውን ዓሣ፣ እንዲሁም እባብ መሰሉን ኢል የተባለ ዓሣ ኑሮ ትተርካለች። ኢል ዕድሜውን በመሬት መካከል ባለ ኩሬና ወንዝ አሳልፎ፣ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ይሄዳል። ግልገሎቹም ከውቅያኖስ ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ ይመለሳሉ። ይህንን ልብ በሉ። ሬቸል ገና በዚያን ጊዜ ኩሬውና ወንዙ፣ ወንዙና ባሕሩ አንድ ቤት መሆናቸውን አስተውላለች። ኋላ የጻፈችው ታላቅ ማስጠንቀቂያ ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፉ በወጣ በወሩ አሜሪካ ወደ ጦርነት ስለገባች አስታዋሽ አጣ። የተሸጠው ከ2 ሺህ ቅጂ በታች ነበር። ብዕሯን ግን አላስቀመጠችም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም. «በዙሪያችን ያለው ባሕር» የተባለ ሁለተኛ መጽሐፏ ወጣ። ይህኛው እጅግ ከተሸጡት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ለ86 ሳምንት ቆየ። የአገሪቱን ታላቅ የመጻሕፍት ሽልማት አገኘ፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተረጐመ። ሬቸል በዚህ ጊዜ የ44 ዓመት ሴት ነበረች። በ1952 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራዋን ለቅቃ ሙሉ ጊዜዋን ለመጻፍ የበቃችው ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው።

በመጽሐፉ ገቢ በሜይን ክፍለ ግዛት በባሕር ዳር አነስተኛ ቤት ሠራች። ባሕሩ ሲሸሽ በዓለቱ መካከል በሚቀሩት ትናንሽ ኩሬዎች ውስጥ ቆማ የባሕር ኮከቡን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ሸርጣኑን ታጠና ነበር። በማጉያ መነጽር ለማየት ወደ ቤት የወሰደችውን ፍጥረት አይታ ስትጨርስ፣ ሌሊትም ቢሆን ተመልሳ ወደ ባሕሩ ትመልሰው እንደነበር የሚያውቋት ሰዎች ተናግረዋል።

ልጅን ማስደነቅ

ከጽሑፎቿ ሁሉ ለእናቶች የቀረበው በ1956 ዓ.ም. በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ያወጣችው ነው። የእኅቷን የልጅ ልጅ ሮጀርን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ማዕበሉን ልታሳየው ወደ ባሕሩ ዳር እንደወሰደችው በዚያ ጽሑፍ ትነግረናለች። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነው። ልጅ የፍጥረትን ነገር እንዲወድ ወላጁ የግድ የእያንዳንዱን ወፍና የእያንዳንዱን አበባ ስም ማወቅ የለበትም። አብሮት መቆም፣ አብሮት ማየት፣ አብሮት መደነቅ ይበቃል። ስሙን ኋላ ይማረዋል፤ የወደደውን ነገር ሳይፈልግ አይቀርምና።

በዓመቱ የሮጀር እናት ሞተች። ሬቸል ባል ያላገባች፣ ዕድሜዋም 50 ዓመት የደረሰ ሴት ስትሆን የአምስት ዓመቱን ልጅ እንደ ልጇ አድርጋ ወሰደችው።

ከባሕር ወደ መሬት

አሁን ወደ ዲዲቲ እንለፍ። ይህ ኬሚካል ተባይ እንደሚገድል የታወቀው በ1939 ዓ.ም. ነው። ይህንኑ የደረሰበት የስዊስ ተወላጅ ፖል ሙለር በ1948 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዲዲቲ በጦርነቱ ጊዜ ቅማልን በማጥፋት ከተስቦ፣ ትንኝን በመግደል ከወባ ብዙ ሕይወት አድኗል። ይህ ውለታው የማይካድ ነው። ችግሩ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ፣ በአውሮፕላን እየተጫነ በእርሻው፣ በጫካው፣ በመንደሩ ላይ እንደ ዝናብ ሲረጭ ነው።

በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በማሳቹሴትስ የምትኖር አንዲት ወዳጇ፣ አውሮፕላን መድኃኒት ረጭቶ ካለፈ በኋላ በግቢዋ ውስጥ ወፎች ረግፈው መገኘታቸውን ጻፈችላት። ሬቸል በመጀመሪያ ሌላ ሰው ጉዳዩን እንዲጽፈው ፈልጋ ነበር። የሚጽፈው ሲጠፋ ራሷ ያዘችውና አራት ዓመት ሠራችበት።

ብዙ ሰው መድኃኒቱ የሚገድለውን ተባይ ሲያይ፣ እርሷ መድኃኒቱ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ ጠየቀች። ይህንን ያስጠየቃት የውኃን መንገድ ለረጅም ዓመታት ስትከተል መኖሯ ነው። በመጽሐፏ ውስጥ ካቀረበቻቸው ምሳሌዎች ሁለቱን እናንሣ።

በካሊፎርኒያ ክሊር ሌክ የተባለ ሐይቅ አለ። ዓሣ አጥማጆችን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን በራሪ ነፍሳትን ለማጥፋት የዲዲቲ ዘመድ የሆነ መድኃኒት በ1949፣ በ1954 እና በ1957 ዓ.ም. ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነበር፤ በ50 ሚሊዮን እጅ ውኃ ላይ አንድ እጅ መድኃኒት ያህል ነው። ነገር ግን በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ፍጥረታት መድኃኒቱን በሰውነታቸው አጠራቀሙት። ትናንሽ ዓሦች እነርሱን በሉ፤ ትላልቆቹ ትናንሾቹን በሉ፤ ወፎች ደግሞ ዓሦቹን በሉ። በሞቱት የውኃ ወፎች ስብ ውስጥ የተገኘው መርዝ ከውኃው ውስጥ ከነበረው 80 ሺህ ጊዜ ያህል እጥፍ ሆነ። ከአንድ ሺህ በላይ ጥንድ የነበሩት እነዚህ ወፎች በ1960 ዓ.ም. ወደ 30 ጥንድ ወርደው ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በካናዳ ሚራሚቺ በተባለው ወንዝ የሆነው ነው። ሳልመን የተባለው ዓሣ ከውቅያኖስ ተነሥቶ በዚህ ወንዝ ሽቅብ እየወጣ ይራባል። በ1954 ዓ.ም. የጥድ ዛፎችን ከትል ለማዳን በወንዙ ዙሪያ ባለው ጫካ ላይ ዲዲቲ ተረጨ። መድኃኒቱ ወደ ጅረቶቹ ገብቶ ሳልመን የሚመገቧቸውን ነፍሳት አጠፋ፤ በዚያ ዓመት የተፈለፈሉትም የሳልመን ግልገሎች ከሞላ ጐደል አለቁ። ዛፍ ላይ የተረጨው መድኃኒት የባሕሩን ዓሣ ገደለ ማለት ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ ይሠራል።

ሬቸል ለባሕሩም ዝም አላለችም። በ1961 ዓ.ም. የባሕር መጽሐፏ በድጋሚ ሲታተም በጻፈችው አዲስ መግቢያ፣ የአቶሚክ ዝቃጭ በበርሜል እየታሸገ ወደ ውቅያኖስ መጣሉን አጥብቃ ተቃወመች። ይህ አድራጎት በዓለም አቀፍ ስምምነት ፈጽሞ የተከለከለው በ1993 ዓ.ም. ነው።

በሕመም መካከል የተጻፈ

መጽሐፉ በሚጻፍባቸው ዓመታት መከራ ተደራርቦባት ነበር። ጓደኛዋም ረዳቷም የነበሩት እናቷ በ1958 ዓ.ም. መጨረሻ አረፉ። ትንሹ ሮጀር እናትም አባትም የሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በሽታው ግን ተሠራጨ። ሬቸል ይህንን ከቅርብ ወዳጆቿ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ምክንያቱም ተቃዋሚዎቿ «መጽሐፉን የጻፈችው በራሷ ሕመም ተነሣሥታ ነው» ብለው እውነቱን እንዳያጣጥሉባት ሠግታ ነው።

«ድምፅ አልባው ጸደይ» የተባለው መጽሐፍ በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ስሙ ወፍ የማይዘምርበትን የጸደይ ወራት ያመለክታል። ኬሚካል የሚያመርቱ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ መድበው ዘመቱባት። «ስሜታዊ ሴት ናት» አሏት። ሙያዋንም ጠየቁ። እርሷ ግን ፀረ ተባይ መድኃኒት ፈጽሞ አይኑር አላለችም። መርዙ ሳይመረመር፣ ሕዝቡ ሳያውቀውና ሳይፈቅድ በየቦታው አይርጨፍጨፍ ነው ያለችው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎቻቸው ጉዳዩን እንዲመረምሩ አደረጉ። በግንቦት 1963 የወጣው ሪፖርት የሬቸልን ሥጋት የሚደግፍ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ወር እርሷ ራሷ፣ ቆሞ መሄድ እየከበዳት፣ በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ምስክርነቷን ሰጠች።

ሚያዝያ 14 ቀን 1964 ዓ.ም. በ56 ዓመቷ ዐረፈች። ከዐመዷ ከፊሉ በኑዛዜዋ መሠረት በምትወደው የሜይን ባሕር ዳር ተበተነ። በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1972 ዓ.ም. በዚያ አገር ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል ታገደ። ዲዲቲ የእንቁላላቸውን ቅርፊት እያሳሳ ጫጩት አልባ ያደረጋቸው ራሰ ነጭ ንስሮች ቁጥራቸው አገግሞ በ2007 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር ወጡ። በ2001 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲ እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል፣ ያውም በቁጥጥር ሥር እንዲውል ወስኗል።

እኛስ?

በአገራችን ዲዲቲ በወባማ አካባቢዎች በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲረጭ ኖሯል። ትንኟ መድኃኒቱን እየተቋቋመች በመምጣቷ በሌላ ተተክቷል። ይሁንና ዲዲቲ ቶሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦች፣ በአንዳንድ አካባቢም በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ቅሪቱን አግኝተዋል። ይህንን የምታነቡ እመጫቶች ግን አትደንግጡ። ለሕፃኑ የእናት ጡትን የሚተካ ምግብ ስለሌለ፣ በዚህ ምክንያት ጡት ማስጣል አይገባም። መፍትሔው መርዙ ከመነሻው ወደ ምግባችን እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ታዲያ በቤታችን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለእርሻ ወይም ለወባ ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ለትኋንና ለቁንጫ፣ በተለይም ለእህል ማስቀመጫ ፈጽሞ አይውል። ሁለተኛ፣ መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስም ሆነ ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ውኃ፣ ዘይት ወይም ጠላ አይያዝበት። ሦስተኛ፣ ፍሊት የሚነፋው ምግብና ዕቃ ተከድኖ፣ ሕፃናት ከክፍሉ ወጥተው፣ ኋላም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን። አራተኛ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም በብዙ ውኃ ተለቅልቆ ይታጠብ። አምስተኛ፣ መርዝ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ፣ ስሙ ከተጻፈበት ከራሱ ዕቃ ሳይገለበጥ ይቀመጥ።

ከጓዳ ወጣ ስንል ደግሞ ወንዞቻችንን እናገኛለን። በአዲስ አበባ የቀበናና የባንተይቀጡ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ እንደ ዓባይ ድንበር ተሻግሮ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም። በአፋር በረሃ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመንገዱ ላይ እርሻ የሚጠጣው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ሰውም የሚጠጣው ነው። እንግዲህ በየቦዩ የምንጥለው ፌስታልና የምንደፋው ፍሳሽ ባሕር ወስዶ አያስቀርልንም። ከእኛው ጋር ይቀራል፤ ከታች ያለችው እናት ማድጋ ውስጥም ይገባል።

ሬቸል ካርሰን ይህንን ሁሉ ለማየት የበቃችው ከሌላው ሰው የተለየ ዓይን ስለነበራት አይደለም። የወደደችውን ነገር ደጋግማ ስላየች ነው። የወደዱትን ነገር ሲጎዳ ቶሎ ያውቁታል፤ ያወቁትን ደግሞ ዝም ማለት ያስቸግራል። በመጪው እሑድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ምንጭ ዳር ብትወርዱ መልካም ነው። ውኃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ጠይቋቸው። መልሱን እናንተም የማታውቁት ከሆነ አብራችሁ ፈልጉት።